ሠርካዲስ አበባ የሣለችበት ጽጌ

ጌጃ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ቀጥሎ ለሠርካዲስ ይነገራል ይባል ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ሠርካዲስ ቀን ቀን መሥሪያ ቤቷ ተቀምጣ ለተማሪዎች መጽሐፍ ላምና በሬ፣ የሰው አፅምና የተራራ ሰንሰለት ትስላለች፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ እቤቷ የሟች ፊት ትስላለች። አንዲት እናት ወይ አንድ ባል ከመታወቂያ ላይ የተላጠች ጉርድ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልሎ ይመጣል። እሷ ፎቶዋን በእርሳስ በካሬ በካሬ ከፋፍላ ትልቅ ሸራ ላይ ታወጣታለች።

ባሏን ሀብተሥላሴን የሚገርመው ሥዕሉ ሳይሆን ጥያቄዋ ነበር። ፎቶውን ተቀብላ ሰውየውን አትሸኘውም፤ ቁጭ አድርጋ ትጠይቀዋለች።

«ሲስቅ የትኛው ጉንጩ ነው የሚሰረጉደው?»

«ስትቆጣ ቅንድቧን ታነሳለች ወይስ ትሰበስባለች?»

ሐዘንተኞቹ መጀመሪያ ግራ ይጋባሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ፣ ከዚያ ያለቅሳሉ፤ አንዳንዱም ሳያስበው ይስቃል። ሀብተሥላሴ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርና ወንበር መቁጠር እንጂ ሥዕል አያውቅም። ነገር ግን ሸራው ተጠናቆ ለባለቤቶቹ ሲሰጥ፣ በሩ ላይ የሚወጣውን ድምፅ ያውቃል። «ውይ! እሱ ነው! እሱ ራሱ!» ይሉና ሰውየው እንደገና የተወለደ ይመስል ሸራውን ይስማሉ። ሠርካዲስ ያኔ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወደ ውስጥ ትገባለች። ምስጋና አትወድም።

ልጃቸው ሰብለወንጌል የመጣችው ሁለቱም ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው «የልደታ ስጦታ» ይላት ነበር፤ እናቷ ልደታ ማርያም ደጅ ስንት ዓመት እንደተመላለሰች ሁሉም ያውቃልና። ልጅቷ ያደገችው ከሥዕሉ ጠረጴዛ ሥር፣ የሙታን ወሬ እየሰማች ነው፤ ግን እንደ እሷ የሚስቅ ልጅ አልነበረም። ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ ሰብለ ፋርማሲ ትሠራ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ጎረቤታቸው መይሙና የምትባል የወሎ ሴት ናት፤ ባሏ በከር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ይነግዳል። መይሙና በረንዳዋን በተሰነጠቀ ባልዲና በዘይት ጣሳ ሞልታ አበባ ታበቅልበታለች። ሰብለ ከሥራ ስትመለስ በሯን ሳትከፍት መጀመሪያ የመይሙናን በረንዳ ታያለች፤ «ዛሬ ማን ወለደ?» ትላለች፣ አዲስ ያበበ ካለ።

አንድ ክረምት ሰብለ ድካም ድካም አላት። ለራሷ ቫይታሚን አዘዘች። በጥር የደም ካንሰር መሆኑ ተነገራት። ለፋሲካ አልደረሰችም።

ስለዚያ ጊዜ ሀብተሥላሴ ብዙ መናገር አይወድም። የሆስፒታሉን ኮሪደር፣ የሠርካዲስን ከአልጋው ጎን አለመነሳት፣ ልጅቷ «አባዬ፣ አንተ ሂድና ተኛ» ማለቷን ያስታውሳል። ከዚያ ድንኳኑ፣ ከዚያ ሰልስቱ። ድንኳኑ ተነቅሎ ዘመድ ሲበተን ሦስት የነበረው ቤት ሁለት ሰው ቀረው።

አርባው ሲቃረብ አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠየቃት።

«ሠርኬ፣ ለአርባዋ ይደርስልሽ ይሆን?»

ምኑ እንደሆነ አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችም። «ለሰማንያዋ» አለች። ከእንጨት ቤት ክፈፍ አሠርታ በገዛ እጇ ሸራ ወጠረችበት፣ ነጭ ቀባችው፣ በሰብለ ክፍል ውስጥ ግድግዳ አስደግፋ አቆመችው። ሰማንያው ደረሰ፤ ሸራው ነጭ ነው። «ለሙት ዓመቷ» አለች። ሀብተሥላሴ አንዳንድ ቀን በሩን ገርበብ አድርጎ ያያል። ሠርካዲስ የሰብለን ፎቶ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እርሳሷን ይዛ፣ አንገቷን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ታዞራለች። አንዲት መስመር አታሰምርም።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቱም ማጉረምረም ጀመረ። ሠርካዲስ ደረጃ ላይ ሰው አልፋ ትሄዳለች፤ ሰላምታ የለ፣ ቀና ማለት የለ። አንዱ «ሐዘን ነው» ሲል ሌላው «ሐዘንስ ሁላችንም ቤት ገብቷል፤ ይሄ ኩራት ነው» ይላል። መይሙና እንኳ ቅር ብሏት ሰነበተች።

ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው ሀብተሥላሴ ትዕግሥቱ አለቀ። ከስልኩ ላይ የሰብለን ፎቶ መርጦ ተክለ ሃይማኖት ወዳለ ባነር ቤት ወሰደ። ባነር ሠሪው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገና በማግሥቱ ትልቅ ባነር ጠቅልሎ ሰጠው። ቤት ገብቶ ሲዘረጋው ሰብለን አጣት። ጠይሟ ልጅ ነጥታለች፤ ግንባሯ ላይ የነበረችው የልጅነት ጠባሳ ጠፍታለች፤ ዙሪያዋን ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ቀያይ ጽጌረዳዎች ተደርድረዋል። ከንፈሯ እንደ ሙሽራ ተቀብቷል።

ሠርካዲስ መጣችና ባነሩ ፊት ቆመች። አንገቷን ጠምዘዝ አደረገች። ልትመለስ ስትል ነው ሀብተሥላሴ ያንን ክፉ ቃል የተናገረው።

«የአገሩን ሙት ሁሉ ሣልሽ! የማንም ባዳ ሲመጣ ጉንጩ የት ጋ ይሰረጉዳል እያልሽ ስትጠይቂ ኖርሽ። የገዛ ልጅሽ ሲሆን እጅሽ ታሰረ? እናት አይደለሽም እንዴ?»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ሠርካዲስ ወደ ሰብለ ክፍል ገባችና በሩን በቀስታ ዘጋች። በኃይል ብትዘጋው ይሻለው ነበር። ባነሩን ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው፤ ሙት ዓመቱም ያለ ፎቶ ዋለ። ከዚያ በኋላ ለወራት በአንድ ቤት ውስጥ ጨውና ውሃ ብቻ ነበር የሚነጋገሩት፤ «ጨው አቀብይኝ»፣ «ውሃ ሄዷል»፣ «ውሃ መጥቷል»።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ከሰዓት ሀብተሥላሴ ዳቦ ገዝቶ ደረጃውን ይወጣል። ሠርካዲስ ነጠላዋን ተከናንባ፣ መደገፊያውን ይዛ ትወርዳለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተገናኙ። እሱ ጥግ ይዞ ቆመላት፤ ኩርፊያ ስለሆነ አፉን አልከፈተም። እሷ አጠገቡ ስትደርስ በአክብሮት ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ» አለችው። አልፋም ወረደች።

ሀብተሥላሴ ደርቆ ቀረ። አርባ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው «እንደምን ዋሉ»! መጀመሪያ እያሾፈችብኝ ነው ብሎ ሊቆጣ አሰበ። ከዚያ ድምፅዋ ትዝ አለው። ለማያውቁት ሽማግሌ የሚሰጥ ቅን ሰላምታ ነበር።

«ሠርኬ!»

ዞረች። «ሀብቴ? አንተ ነህ እንዴ?»

ወርዶ ክንዷን ያዛት። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ዳቦው በመሐላቸው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ፊትህ የለም» አለች።

«ምን ማለት ነው የለም?»

«የለም ነው የምልህ። ጆሮህ ይታየኛል። ኮሌታህ ይታየኛል። ዳቦው ይታየኛል። መሐሉ ላይ ጭስ አለ። የማየው ሰው ሁሉ ፊቱ ጋ ጭስ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሠርካዲስ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች። «ሰብለ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ። መጀመሪያ ከእንቅልፍ ማጣት መሰለኝ። ለማን እናገራለሁ? ልጄ እየሞተች፣ ዓይኔን አሞኛል ልበል?» ቀጥሎ የተናገረችውን ሀብተሥላሴ አጎንብሶ ነው የሰማው። «ስትሞት ፊቷን አላየሁትም ሀብቴ። አጠገቧ ተቀምጬ ትራሷንና ጆሮዋን ነበር የማየው። እጇን ይዣለሁ፤ ልትስቅልኝ ሞክራ እንደሆነ አላውቅም። አንተን ልጠይቅህ ፈራሁ።»

«ስቃልሻለች» አለ ሀብተሥላሴ።

እውነት ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም፤ ያን ጊዜ እሱ መስኮቱን ነበር የሚያየው። ከዚያ የተናገረውን ክፉ ቃል ሊያነሳ አፉን ከፈተ፤ እሷ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችና «ተወው፤ ሳታውቅ ነው» አለችው። ሳታውቅ መባሉ ግን አላቀለለለትም። ይልቁንም የዚያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ አስለቀሰው።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ሰው ነበር፤ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ከዓይኗ በስተጀርባ ያለው ስስ ክፍል መሐሉ ላይ ተጎድቷል፤ ዳር ዳሩ ይተርፋል፤ የሄደው ግን አይመለስም። «ሥራቸው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሀብተሥላሴ ሊመልስ ሲል ሠርካዲስ ቀደመችው። «ጡረታ ወጥቻለሁ» አለች።

ነገሩ በጎረቤት ሲሰማ መጀመሪያ የመጣችው መይሙና ናት። መስከረም አልቆ ወርኃ ጽጌ ገብቶ ነበር። ባንድ እጇ አረንጓዴ ጆግ፣ በጆጉ ውስጥ ከበረንዳዋ የቆረጠችው አበባ፤ ቀይና ነጭ ጽጌረዳ፣ ሐምራዊ የማትታወቅ ትንንሽ አበባ፣ ከልደታ ሜዳ ጥግ የለቀመችው ጥቂት አደይ።

«ወላሂ እትዬ ሠርካዲስ፣ ተቀይሜዎት ነበር» አለች ገና በሩ ላይ። «አልፈውኝ ሲሄዱ፣ ምን በደልኳቸው እያልኩ ለበከር ሳማዎት ነበር። አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ። ነይ ግቢ።»

መይሙና ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እያለቀሰችም እየተጨዋወተችም አመሸች። ከሄደች በኋላ ሠርካዲስ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ አንገቷን እንደ ዶሮ ዘንበል አድርጋ ተቀመጠች። ሀብተሥላሴ መስኮቱን የምታይ መስሎት ነበር።

«አበባው ይታየኛል» አለች በድንገት። «ፊት ለፊት ስመለከተው ይጠፋል፤ ወደ ውጭ ሳይ በዳር ይመጣል። ሙሉውን ነው የማየው።»

በማግሥቱ ሠርካዲስ ወደ ሰብለ ክፍል ገብታ ነጩን ሸራ ተሸክማ ወጣች። ሀብተሥላሴ መንገዷ ላይ ቆመ።

«የሷ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ሠርኬ፣ ሌላ እናሠራለን። እኔ እንጨት ቤት እሄዳለሁ።»

«የሷን ፊት ከእንግዲህ የሚስልበት የለም» አለች። «ነጭ ሆኖ እስከምሞት ያፍጥጥብኝ? አበባ ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው። ብሳሳት የሚቀየም ዘመድ የለው። አሳልፈኝ ሀብቴ።»

አሳለፋት።

ሥራው እንደ ድሮው አልነበረም። ቅርጹን በዓይኗ ዳር እያየች በከሰል ነደፈችው፤ ቀለሙ ግን አታለላት። ቀዩን ከቡናማው፣ ሰማያዊውን ከሐምራዊው መለየት አቃታት። ስለዚህ ሀብተሥላሴን አጠገቧ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

«ከላይ ያለችው ምን ዓይነት ናት?»

«ቀይ ናት።»

«ምን ዓይነት ቀይ?»

«ቀይ ናት በቃ።»

«በቃ የሚባል ቀይ የለም። የቲማቲም ነው? የቀይ ሥር ነው? የበርበሬ ነው?»

ሀብተሥላሴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን አበባ አፍጥጦ አየ። «ዳሯ የበርበሬ፣ ውስጧ የቀይ ሥር» አለ በመጨረሻ፤ ሠርካዲስም «ጎሽ» አለችው። ቱቦዎቹን እያነበበ ያቀብላታል፤ እሷ ትደባልቃለች፤ እሱ «ጨመር፣ አይ በዛ» ይላል። ሁለቱም ልብሳቸው ተበላሸ።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይመስለዋል፤ ስለዚያች ትንሽ ሐምራዊ አበባ ጠየቀችው። ቃል ፈለገ። ከጓዳ አሰበ፣ ከገበያ አሰበ፤ የሚመስላት ነገር አጣ። ከዚያ ሳያስበው ወጣው።

«የሰብለ ሹራብ። ያ ክርኑ ላይ የተተለተለው።»

የሠርካዲስ ብሩሽ ቆመ። ልጅቷ ከሞተች ወዲህ ስሟ በሁለቱ መሐል እንዲህ በተራ ነገር ተጠርቶ አያውቅም። ሀብተሥላሴ ምላሱን ነከሰ።

«አዲስ ሳለ ነው ወይስ ካረጀ በኋላ?» አለች ሠርካዲስ።

«ካረጀ በኋላ።»

«እንግዲያው ትንሽ አመድ ይፈልጋል» አለችና ነጭና ጥቁር ቀላቀለችበት።

ከዚያ በኋላ በሩ የተከፈተ ያህል ሆነ። የነጩ ጽጌረዳ ነጭ ምን ዓይነት እንደሆነ ስትጠይቀው «የፋርማሲው ጋዋኗ፤ ታጥቦ ታጥቦ የቆየው» አላት። አደይዋን «በዝናብ የበሰበሰችበት ቀን የያዘችው ጃንጥላ» አላት፤ «የትኛው ቀን?» አለች፤ ነገራት። እሷ የማታውቀው ቀን ነበር። አባትና ልጅ ታክሲ አጥተው ከሜክሲኮ እስከ ልደታ በእግር የመጡበት፣ ሰብለ ጃንጥላውን ለአንዲት አራስ ሰጥታ እየዘፈነች የበሰበሰችበት ቀን። ሠርካዲስ ደግሞ እሱ የማያውቀውን ነገረችው፤ ልጅቷ ያፈቀረችውን ሰው፣ ለምን እንደተወችው። ሐዘንተኛን ስታናግር የነበረችው ያች የድሮ ጠያቂ ተመለሰች። አሁን ግን ሐዘንተኞቹ ሁለቱ ናቸው፣ የምትስለውም የምታለቅሰውም እሷው። ሀብተሥላሴ አንድ ቀን መሐል ላይ መቀጠል አቅቶት ተነስቶ በረንዳ ወጣ። ሲመለስ ብሩሹን ይዛ እየጠበቀችው ነበር።

አበባው ግን ሥዕሉን አልጠበቀም። ጠወለገ፤ መይሙና ጠዋት ጠዋት አዲስ እየቆረጠች «አብሽሩ፣ ይሄው» እያለች ጆጉን ትሞላለች። ሠርካዲስ የጠወለጉትንም አታስጥላትም። ስለዚህ ሸራው ላይ ሰኞ የፈነዳችው ከዚያ በፊት ሳምንት ከረገፈችው ጎን ቆመች፤ በሥዕሉ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሀብተሥላሴ ልጥረግ ሲል «ተዋቸው» ያለችው የረገፉ የአበባ ቅጠሎች ተበተኑ። በአንድ ጆግ ውስጥ አብረው ኖረው የማያውቁ አበቦች ነበሩ።

ጽጌ ሊወጣ ሲል ብሩሿን አጠበች።

«በል አሁን እውነቱን ንገረኝ» አለች።

ሀብተሥላሴ ወደኋላ ሄዶ ቆመ። ሥዕሉ አሳመመው። የሚያምር ነገር እንዲህ ያሳምማል ብሎ አስቦ አያውቅም። ግን አንድ ነገር አየ። ከመሐል ያለችው ትልቋ ነጭ ጽጌረዳ ከግንዷ ጋር አልተገናኘችም፤ አየር ላይ ነው ያለችው። ሠርካዲስ የማታየው ቦታ ላይ ወድቃለች።

«ጥሩ ነው» አለ።

«ለሐዘንተኛ እንኳ እንዲህ አልዋሸሁም። ምን አየህ?»

ነገራት። ጣቷን ይዞ ቦታውን አሳያት። ሠርካዲስ ጣቷን በእርጥቡ ቀለም አጠገብ አቆይታ አሰበች።

«አንተ ብትመራኝ እቀጥላት ነበር» አለች። «ግን ደከመኝ ሀብቴ። ትቅር።»

ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልያዘችም። ጭሱ እየሰፋ ሄደ።

ሥዕሉ የት ይሰቀል የሚለው ነገር ሌላ ሐዘን ሆነ። ሀብተሥላሴ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ ቦታ አዘጋጅቶ ምስማር ገዝቶ ነበር። ሠርካዲስ ግን «ለመይሙና እንስጣት» አለች።

«ለምን? ያለን እሱ ብቻ ነው!»

«እሱ ስለሆነ ነዋ። እዚህ ከተሰቀለ በየቀኑ ለቅሶ ይሆናል። አንተን አውቅሃለሁ፤ ሥሩ ቁጭ ብለህ ታረጃለህ። መይሙና ቤት አበባ ነው የሚሆነው። በእምነቷ የሰው ፊት አትሰቅልም፤ ግድግዳዋ ባዶ ነው። አበባ ሆኖ ይኑር።»

ተከራከራት። ለመናት። እሷ ከተናገረች ወዲያ አትመለስም፤ ድሮም እንዲሁ ናት። መይሙና ስትሰማ ደንግጣ «ኧረ አይሆንም እትዬ፣ የልፋትዎን!» አለች፤ በኋላ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለች፤ በከርም ራሱ ሰቀለው። የዚያን ቀን ማታ ሀብተሥላሴ ባዶውን ግድግዳ ላለማየት ወንበሩን አዞረ።

አሁን ዓመት አልፏል። ሠርካዲስ በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፤ የሚያልፈውን ሰው በአረማመዱና በድምፁ ትለያለች፣ ቀድማም ሰላም ትላለች። ሀብተሥላሴ ሰበብ እየፈለገ ጎረቤት ይሄዳል፤ አንዴ ስኳር፣ አንዴ የውሃ ቢል ጥያቄ። መይሙና ሰበቡን አውቃዋለች። «ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ይግቡ፤ ሻይ ላፍላ» ትልና እሱን ከሥዕሉ ፊት አስቀምጣ ጓዳ ገብታ ትቆያለች፤ ሻይ የማይፈጀውን ያህል ጊዜ።

ባለፈው እሑድ ሲመለስ ሠርካዲስ በረንዳው ላይ ሆና ጠየቀችው። የት እንደነበር ጠይቃው አታውቅም ነበር።

«ፀሐይ ይነካዋል እንዴ?»

«ምኑን?»

«አታስመስል።»

ከሰዓት በኋላ የመይሙና መስኮት ፀሐይ እንደሚያስገባ፣ ብርሃኑም የሥዕሉን ግራ ጎን ማገርጣት እንደጀመረ ሀብተሥላሴ ካየ ሰንብቷል።

«አይነካውም» አላት።

ሠርካዲስ ፊቷን ወደሱ አዞረች፤ ወደ ጆሮው ጎን፣ የምታየው እዚያ ስለሆነ። ሀብተሥላሴ ወደ ውስጥ ገብቶ ከመሳቢያው መዶሻና ምስማር አወጣ፣ ሥዕሉን ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ ለማዛወርም የመይሙናን በር ሊያንኳኳ ሄደ።